የተራኪው ስም፣ ዕድሜ፣ ሰፈር

ሠላሳ ስምንት ደብተር ጠረጴዛዬ ላይ፣
መብራት የለም፤ ጦሳም ጉም ለብሷል ከበላይ፤
ሻማ፣ ቀይ እስክሪብቶ፣ የቀዘቀዘ ሻይ።

ብያቸው ነበረ፦ "ከመጽሐፍ አትቅዱ፤
ሰው ዘንድ ቁጭ በሉ፤ ሳይጨርስ አትሂዱ።
የተራኪውን ስም፣ ዕድሜና ሰፈሩን
መዝግቡ፤ ሳሉንም፣ ሳቁንም፣ ዝምታውን።
አንዱ እንዲህ ቢላችሁ፣ ሌላው እንዲያ ካለ፣
ሁለቱንም ጻፉ፤ ስህተት እዚህ የለ።"

የሉባባ እንድሪስ ከሁሉ በላይ ነው።
ተራኪ፦ አጎቴ። ዕድሜ፦ "ማን ቆጠረው?"
አይሱዙ ይነዳል። በሌሊት፣ በጉሙ፣ ሐረጎን ሲወርድ፣
አንዲት ሴት እጇን ዘርግታ ቆማለች ከመንገድ።
ይጭናታል፤ ወጉን ይጀምራል ገና፣
የኮምቦልቻ መብራት ብቅ ይላልና
ዞር ሲል የለችም፤ ወንበሩ ረጥቧል፤
የሃምሳ ብር ኖት ግን ተቀምጦለታል።
"መልሷ ሠላሳ ብር ነው፤" ትላለች በእርሳስ፣
"አጎቴ በክብሪት ቀፎ እስካሁን ይዞት ይዞራል፤
ሐረጎ ላይ ሲደርስ ፍጥነት ይቀንሳል፤
የሰው ገንዘብ እኮ ነው፣ ይላል።"

ኑሩ ጀማል ደግሞ ሰኞ ገበያ ወርዶ
አንድ የበግ ደላላ አግኝቷል።
"ተራኪው ሃያ ብር ጠየቀኝ፤
በኪሴ አሥር ብቻ ተገኘኝ፤
ጅቡ በሩን ሲያንኳኳ ተነስቶ ሄደብኝ።
ስለዚህ ተረቱ ግማሽ ነው፣ መምህር፤
የቀረው፣ አሥር ብር።"

የአስማረ ወልዴ አንድ ገጽ አትሞላም።
ተራኪ፦ እናቴ። ጨርቃ ጨርቅ፣ የሌሊት ፈረቃ።
ሃያ ሦስት ዓመት የተበጠሰ ክር ስትቀጥል ኖራ
ጡረታ ወጥታለች። ሌሊት ግን ጣቶቿ
ከብርድ ልብሱ በላይ
ይቋጥራሉ፣ ይቋጥራሉ፣ እሷ ተኝታ።
"ተረት አይደለም፤" ብሏል፣ "ይቅርታ።
አባቴ ግን ነቅቶ ይቆጥርላታል፤
ትናንት ሁለት መቶ አሥር ደረሰች ብሎናል።"

ተነስቼ መስኮቱን ልዘጋ ሄድኩ፤
ቀድሞም ዝግ ነበር።

ከታች የቀረው የትርንጎ ካሳው፤
ርዕሱ፦ "ሰኞ ሰኞ መነሃሪያ የሚሄደው ሰው።"

ፀጉር አስተካካዩ፣ ዕድሜ ሃምሳ ሁለት፦
"እጮኛው አሰብ ወርዳ፣ 'በሰኞ ዕለት
እመጣለሁ' ብላው፤ ሰኞ መጣ፣
አሰብ ራሱ ሄደ፣ እሷም አልመጣች።"
ሎተሪ አዟሪው፣ ቧንቧ ውሃ፦ "ኧረ ተዪው!
ወንድሙን ነው እንጂ፤ ዘምቶ የቀረውን።"
ሊስትሮው፣ አሥራ አራት፦ "ማንንም አይጠብቅ።
ሰው ሲሰነባበት የሚባባለውን
ሰምቶ ቤቱ ይጽፋል።
ጫማውን ግን አያስጠርግም።"

ሁሉም የተስማሙት፦ ረዥም ነው፤ ጥቁር ጃንጥላ አይለየውም።
ቀና አልኩ። ጃንጥላው በሩ ሥር ቆሟል።
የኔው።

በግርጌው፦ "አራተኛ ተራኪ፣ ባለጉዳዩ ራሱ።
ልጠይቀው ነበር፤ ፈራሁ፤ የሚያርመኝ እሱ።"

እውነቱ? ጋዜጣ ነበር የማመጣው፣
በሰኞ አውቶቡስ ካዲሳባ የሚላከው።
መታተም ካቆመ ዘጠኝ ዓመት ሆነው።
እግሬ ግን አልሰማም።

ቀዩን አነሳሁ። "መነሃሪያ"ን
"መናኸሪያ" አልኩት። ሌላውን አልነካሁም፤
እኔው ነኝ ያልኩት፣ ስህተት እዚህ የለም።
በባዶው መስመር ስሜን፣ ዕድሜዬን፣ ሰፈሬን
ሞላሁ። የወሬውን ቦታ
እንዳለ ተውኩት።

ሰኞ ካፊያ ነበር። ወረድኩ።
አውቶቡሱ ቆመ፤ ረዳቱ ጣሪያ ላይ ወጥቶ
ፍራሽና ጀሪካን ይወረውራል።
እኔም በዚህ ሁሉ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ
የሚወርዱትን ሴቶች ፊት
አንድ በአንድ አየሁ።